«አብሽር» እየተባልን አሸንጌ ድረስ፦ ከደሴ የተከራየናት ፒክአፕ

ነጥቡን ከፊት ላስቀምጠው። መኪናዋ ከ5 አራት፣ ሹፌሩ ከ5 አምስት፣ አከራዩ ከ5 አንድ። አንዷንም የሰጠሁት ስልክ ስለሚያነሳ ነው። ያነሳል፣ «አብሽር» ይላል፣ ይዘጋል።

ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ ሁለታችን ኮምቦልቻ፣ አንዱ ደሴ። ዓሣ ማጥመድ የለመድነው ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ሐይቅ ከተማ እየሄድን ነው። ኅዳር ላይ አንዱ ተነስቶ «ሁሌ ሐይቅ፣ ሁሌ ሐይቅ፣ ለምን ወደ ላይ አንሄድም?» አለ። ተያየን። ከዚያው ከለመድነው፣ ሎጎ ከሚባለው ሐይቅ እንጀምር፣ አርዲቦ የሚባለውን ሌላውን ሐይቅ እንይ፣ ከዚያ በወልድያ፣ በቆቦና በአላማጣ አድርገን የግራካሱን ዳገት እንውጣና ከኮረም አለፍ ብሎ ያለው አሸንጌ ላይ መንጠቆ እንጣል ተባባልን። ከኮምቦልቻ ሲቆጠር 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካርታ ላይ ምንም አይደለም።

በሕዝብ ትራንስፖርት አይቻልም አልልም። ግን ዘንግ፣ ድንኳን፣ ብርድ ልብስና ትል የሞላበት ባልዲ ይዘህ መናኸሪያ ስትገባ ረዳቱ እንዴት እንደሚያይህ አስበው። ዋናው ችግር ደግሞ ሰዓት ነው። ዓሣው ደህና አድርጎ የሚነክሰው ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ፀሐይ ከፍ ብላ ንፋስ ከተነሳ በኋላ ቁጭ ብሎ ውሃ ማየት ነው የሚተርፍህ። ስለዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት የሚነሳ መኪና ያስፈልግሃል። ይቺን ሰዓት ያዙልኝ፣ ጣጣው የጀመረው ከእሷ ነው።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ አከራይ አገኘን። ስሙ ይቅር። ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ከነሹፌሩ በቀን 6,000 ብር፣ ናፍታው፣ የሹፌሩ ምግብና አልጋ በእኛ። ለሦስት ቀን ተስማማን፣ ግማሹን ቀብድ ሰጠን።

«ስኮርታ አላት?»

«አብሽር።»

«ሌሊት 10 ሰዓት ነው የምንነሳው፣ ለሹፌሩ ይነገረው።»

«አብሽር ወንድሜ!»

ለደሴ ሰው አብሽር ምን እንደሆነ አይነገርም። ከሌላ አገር ለምታነቡ፣ አይዞህ፣ አታስብ፣ ሁሉም ይሆናል እንደማለት ነው። ደስ የሚል ቃል ነው። ውል ላይ ግን የለም። ውላችን ላይ ያለው «ሦስት ቀን» የምትል ቃል ብቻ ናት፤ በእሱ ቤት ቀን ማለት ደግሞ ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 12 ኖሯል።

በመጀመሪያው ቀን ሌሊት መንገድ ዳር ተገትረን ሁለት ሰዓት ሙሉ ተንቀጠቀጥን። ሹፌሩ ልክ 12 ሰዓት ሲሆን ደረሰ። በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። መኪናዋን አሳጥበው፣ ውስጧን ሽቶ ነፍተውባታል። ዘንጎቹንና ባልዲውን ሲያዩ ደነገጡ። «ልጆቼ፣ እኔ እኮ ሽማግሌ የምትልኩ መስሎኝ ነበር» አሉን። የሰዓቱንም የዓሣውንም ነገር የነገራቸው የለም። ትሉ እዚያ ሽቶ ውስጥ ገባ።

ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቶሎ ደረስን፣ ግን ምን ዋጋ አለው። አጥማጆቹ ማታ የጣሉትን መረብ ሰብስበው፣ ዓሣቸውን አራግፈው፣ ሻይ እየጠጡ ነው። ውሃው ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ቦታ አለው፣ እኛ ግን የምንጥለው ቄጠማው ዳር ነው፤ ቆሮሶ የሚገኘው እዚያ ነው። ይሄ ሁላችንም የሐይቅ ዓሣ እያልን የምንበላው ቆሮሶ የሐይቁ የራሱ አይደለም፣ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከሌላ ቦታ መጥቶ የገባ ነው። አምባዛ ለሚፈልግ ደግሞ ምሽት ይሻላል። እኛ እስከ 5 ሰዓት ቁጭ ብለን ሁለት ቆሮሶ ያዝን። ዓሣ ልናጠምድ ሄደን የተጠበሰ ዓሣ ገዝተን በላን። (የዓሣ አጥማጆቹን ማኅበር ሳታናግሩ መንጠቆ አትጣሉ፣ ኑሯቸው ነው። የእስጢፋኖስ ገዳምም እዚያው ነው፣ ሴቶች ግን አይገቡም፤ ከቤተሰብ ጋር የምትሄዱ ቀድማችሁ እወቁት።)

አርዲቦ ላይ ዓሣ ጠብ አላለም። መኪናዋን የወደድኳት ግን እዚያ ነው። ኮረኮንቹን ዳገት ምንም ሳትል ወጣችው። ከፍ ያለች ናት፣ ድንጋይ አይነካትም፣ ፍሪሲዮኗ ጠንካራ ነው። የኋላ ፍሬኗ ትንሽ ይጮሃል፣ የኋላ ወንበሯ ደግሞ ለሦስት ሰዓት ጉዞ እንጂ ለሰባት ሰዓት የተሠራ አይደለም፣ ወገቤን እስካሁን ይሰማኛል። አንድ ነጥብ የቀነስኩት ለዚህ ነው።

ከዚያ ውጫሌ አካባቢ ጎማ ተበሳ። ስኮርታዋ አለች፣ አከራዩ አልዋሸም። ንፋስ ግን የላትም። ክሪኳም የሌላ መኪና ናት። ደወልንለት። «አብሽር፣ መርሳ ጎሚስታ አለ።» መርሳ እንዴት እንደምንደርስ አልነገረንም። ጋሼ ግን ከወንበራቸው ሥር የራሳቸውን ክሪክ አወጡ፣ አንድ ሲኖትራክ በእጃቸው አስቁመው ስኮርታዋን ከእሱ ንፋስ አስሞሉ፣ ቀየሩ፣ በግማሽ ሰዓት ተነሳን። እጃቸውን እየጠረጉ «ውጫሌና ውል መቼም አይስማሙም» አሉ። እኛ ሳቅን። እውነትም በ1881 ዓ.ም. እዚህ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17ቱ በአማርኛ ሌላ በጣሊያንኛ ሌላ ሆኖ ነው አገር ያጋጨው። የእኛ ውል አንድ ቋንቋ ብቻ ሆኖ እንኳ «ቀን» የምትለዋ ቃል ሁለት ትርጉም ነበራት።

ወልድያ አደርን። ናፍታ እዚያ ሙሉ፣ ሰልፍ ቢኖርም ሙሉ። ስለ መንገዱ ሰላም ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ደሴ ያለ ሰው አትጠይቁ። ጋሼ የሚያደርጉትን አየሁ፤ ጠዋት ቁርስ ቤት ገብተው በዚያው ዕለት ከላይ የወረደ የጭነት መኪና ሹፌር ፈልገው ያወራሉ። ቀና ነው ካላቸው እንሄዳለን፣ ካመነታ እንቀመጣለን። መታወቂያም ኪስ ውስጥ ይሁን፣ ኬላ አለ።

ከአላማጣ ወደ ኮረም ግራካሱ 1,000 ሜትር ያህል ሽቅብ ነው፣ ጥምዝ በጥምዝ። በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት እየወጣን እየወረድን ያደግን ነንና አንፈራም ብለን ነበር። ፈራን። ጋሼ በሁለተኛ ማርሽ፣ በየጥምዙ ክላክስ እየነፉ፣ ማንንም ሳይቀድሙ ወጡት። አንድ ወጣት ሹፌር ከኋላ መብራት እያበራ ሲያስቸግራቸው ጥግ ይዘው አሳለፉት። «ቀድሞ ይድረስ፣ እኛን የሚጠብቀን ዓሣ ነው» አሉ። አምስቱ ነጥብ እዚህ አለቀ።

አሸንጌ ከሰዓት በኋላ ስንደርስ ንፋስ ስለነበር መንጠቆ አልጣልንም። ኮረም አደርን። ድንኳኑ ከነላስቲኩ ተመለሰ፤ ያ አገር ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፣ የኅዳር ሌሊቱ የደሴን ብርድ ያስንቃል። በሦስተኛው ቀን ግን ጋሼ ራሳቸው 10 ሰዓት ላይ በር አንኳኩ። ማንም አላዘዛቸውም፣ ትርፍ ሰዓትም አልጠየቁም።

ስለዚያ ንጋት ብዙ አላወራም፣ አያምርብኝም። ውሃው እንደ ሰሃን ተኝቷል፣ ዙሪያው ሣር ነው፣ ዳክዬ ብቻ ይንጫጫል፣ ጣቶቼ መንጠቆው ላይ ትል ማሰር እምቢ አሉ። ቀጭን ክር፣ ትንሽ መንጠቆ፣ ትል፣ በቃ። እስከ 4 ሰዓት ዘጠኝ ቆሮሶ አወጣን፤ ትንንሾቹን ሳንቆጥር፣ እነሱን መለስናቸው። ጋሼ ጋቢና ውስጥ ተኝተው ቆዩና ሲነሱ ባልዲውን አዩ፣ በጣታቸው ቆጠሩ። «ከሐይቁ ጋር አሥራ አንድ። 18,000 ሲካፈል ... አንዷ ቆሮሶ 1,600 ብር አለፈች፣ ናፍታውን ሳልጨምር።» ማንም አልመለሰላቸውም።

ደሴ የገባነው ማታ 2 ሰዓት ነው። አከራዩ የግማሽ ቀን ተጨማሪ 3,000 ብር ጠየቀን። እኛ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ያጣነውን ንጋትና ንፋስ የሌላትን ስኮርታ አነሳን። ተጨቃጭቀን 1,500 ላይ ቆምን። ጎማ ያስጠገንንበትን ይመልስልን እንደሆነ ጠየቅነው። ምን እንዳለ ታውቃላችሁ። እስካሁን አልመጣም።

መከራየት የምታስቡ፣ መነሻና መመለሻ ሰዓቱ በቁጥር ይጻፍ፣ ስኮርታዋን በእግራችሁ ርገጧት፣ ክሪኩ ለመኪናዋ መሆኑን እዚያው አስነስታችሁ እዩ፣ ቦሎና ሦስተኛ ወገኑንም ተመልከቱ። የሹፌሩን ስልክ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ተቀበሉና ሰዓቱን ራሳችሁ ንገሩት።

የጋሼን ስልክ ግን እንዳትጠይቁኝ። ጥር ላይ ለእኛ ተይዘዋል።