ጅማ ወይስ አዲስ አበባ፦ ኪራዩን የሚያንረው ቤቱ አይደለም

ከፍራንክፈርት ጠቅልለን ለመግባት ከወሰንን ወዲህ ቤታችን ውስጥ ያለው ክርክር አንድ ብቻ ነው። እኔ የጅማ ልጅ ነኝ፣ ባለቤቴ የካሳንችስ። ዘንድሮ ለእረፍት ስንመጣ የዘመድ ጥየቃውን አሳጥረን በሁለቱም ከተሞች ቤት አየን፣ ሐኪም ቤት ገባን፣ ባንክ ተሰለፍን። እንደ እኛ ልባቸው የተከፈለ ብዙዎች ስላሉ የገጠመንን ልንገራችሁ። ፍርዴ ወደ ጅማ ያደላል፤ በጅማ ደላሎች ላይ ያለኝ ንዴት ግን ገና አልበረደም።

ለአዲስ አበባ የሚገባትን ላስቀድም። በስልክ የሚጠራው ታክሲ ይመጣል፣ ሂሳቡም ስልኩ ላይ ስለሚታይ ንትርክ የለም። ባለቤቴ ጉልበቷን የታየችበት የግል ሆስፒታል ራጁን አንስቶ ውጤቱን በዚያው ዕለት ሰጣት፤ ፍራንክፈርት ለዚሁ ጉልበት ወራት የጠበቅንበት ጊዜ ነበር። ልጆቻችንም በቀጥታ በረራ ቦሌ ይደርሳሉ። ነገር ግን ካሳንችስ ፈርሷል። ባለቤቴ የአባቷ ግቢ የነበረበትን ቦታ ከሰፋው መንገድ መካከል ለመለየት ሞክራ ሳይሆንላት ቀረ። «እዚህም ብንገባ እንግዳ ነን» ያለችው ያን ዕለት ነው፤ እኔም ለክርክሬ የሚጠቅም ቃል ስለሆነ ያዝኩት።

ገርጂ ያየነው ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ንጹሕ ነበር። አከራዩ ግን የስድስት ወር ቅድመ ክፍያ ጠየቁ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መቀበልን ይከለክላል፤ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ያዛል። ይህን ብናነሳላቸው «እንግዲያውስ ከአዋጁ ተከራዩ» ብለው በሩን ዘጉ። ቢያንስ ፊት ለፊት ነው የተናገሩት።

ጅማ ለመድረስ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት አይፈጅም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ጅማ 1,700 ሜትር ግድም። ቦሌ ደረጃ ስትወጣ ታለከልክ የነበረች ባለቤቴ የአክስቴን ዳገት ወሬ ሳታቋርጥ ወጣችው። አረንጓዴውን፣ ቡናውንና ማሩን አላወራም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ቤት ፍለጋው። አጂፕ አካባቢ ባለ ሦስት መኝታ ቪላ እንዳለ ተሰማ። አክስቴ ቀድማ ለደላላው ደውላ በወር 30 ሺህ ብር ተብላለች። ደስ አለን። በቀጠሮው ሰዓት ደላላው የለም። ዝናቡ ይወርዳል፣ እኛ ከሰው አጥር ሥር ቆመናል፣ እሱ በደወልን ቁጥር «ደርሻለሁ» ይላል። ሲመጣ ደግሞ ቁልፉ የለም፤ ቁልፉ ያለው ሌላ ደላላ ዘንድ ነው። ያኛው ተጠርቶ ሲመጣ ሦስተኛ ሰው አስከትሎ መጣ። ሦስቱም ቤቱን ሳያሳዩን ጫማዬን አዩ። ሰላም የተባባልነው በኦሮምኛ፣ የተነጋገርነው በአማርኛ ነው፤ ከየትኛው ቃሌ ውስጥ አውሮፓን እንዳገኙት እነሱ ይወቁ። ዋጋው እዚያው በር ላይ 50 ሺህ ሆነ።

ምነው? ብል፣ «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ የሚያገኙት በዩሮ ነው፤ ሲመነዘር ምን ይጎድልብዎታል?» አለኝ የመጀመሪያው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መደረጉን ከእኔ በላይ ያውቃል፤ የዕለቱን ዋጋ በቃሉ ነገረኝ። አክስቴ መሐል ገባች። «ልጄ፣ ትናንት ለእኔ ሠላሳ አላልከኝም?»

«እማማ፣ ያማ ለእርስዎ ነው።»

እኔ ታዲያ የማን ነኝ? ሐሙስ ሐሙስ የእናቴን ዘንቢል ተሸክሜ ሄርማታ ገበያ የወጣሁ፣ አዌቱ ውስጥ ተንቦራጭቄ የተገረፍኩ ሰው፣ በገዛ ከተማዬ የባዕድ ተመን ወጣልኝ። ገርጂ ቢሆን ኖሮ ትከሻዬን ነቅንቄ አልፍ ነበር።

ቤቱን አየነው፤ ጥሩ ነው። በዚህ ዋጋ አንከራይም ብለን ስንወጣ ሌላ ሂሳብ ተከፈተ። አንዱ የማሳያ ይለኛል፣ አንዱ ቁልፍ ያመጣሁበት፣ አንዱ ቤቱን መጀመሪያ ያወቅሁት እኔ ነኝ። ብንከራይ ኖሮ ከቅድመ ክፍያው አሥር በመቶ ለእያንዳንዳቸው እንደሚደርስ በኩራት አስረዱን። ባልተከራየነው ቤት በር ላይ፣ በዝናብ፣ ድርድሩ ረዘመ። ዘበኛው እንኳን የሻይ ጠየቀ። በመጨረሻ አክስቴ ከመቀነቷ ፈትታ የባጃጅ ሰጠቻቸውና ተበተኑ። ጀርመን በፈረንጆቹ ከ2015 ጀምሮ የኪራይ ቤት ደላላ የሚከፈለው ባዘዘው ሰው ነው፤ መያዣም ከሦስት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። ለእውነት ያህል፣ እዚያ ደግሞ ቤቱ ራሱ አይገኝም።

የገረመኝ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። አክስቴ ነገሩ ስላንገበገባት የቪላውን ባለቤት በጎረቤት በጎረቤት አፈላልጋ አገኘቻቸው። ጅሬን የሚኖሩ ሐጂ ናቸው። ቡና ጠጥተን ጉዳዩን ስንነግራቸው «ወላሂ፣ እኔ ያልኩት ሃያ ስምንት ነው» አሉ። ለአክስቴ የተነገረው ሠላሳም፣ «ለእርስዎ ነው» የተባለው፣ ሁለት ሺህ ተለጥፎበት ነበር ማለት ነው። ሐጂ የጽሑፍ ውል ይሁን፣ ሦስት ምስክር ይቁም፣ ኪራዩም በባንክ ይግባ አሉ፤ ሳንጠይቃቸው። ጅማ ቤት የምትፈልጉ ሁሉ ባለቤቱን ሳታገኙ ዋጋ አትነጋገሩ፤ ቢቻል ስልኩን የሚደውለውም በሩ ላይ የሚቆመውም እዚያው የሚኖር ዘመድ ይሁን።

ሌላው አገልግሎት ባብዛኛው ደኅና ነው። በቢጫ ካርዴ፣ ማለትም በትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያዬ፣ ባንክ ሂሳብ ለመክፈት ብዙ አልተጉላላሁም። የባጃጅ ነጂዎቹ እንደ ማንኛውም ሰው አስከፈሉኝ፤ ከደላሎቹ በኋላ ይህም ትልቅ ነገር ሆኖ ታየኝ። ውኃ በፈረቃ ነው፤ ሮቶ የሌለው ቤት ቢረክስም አትግቡበት። መብራቱም ይጠፋል፣ ቦሌም ጠፍቶብናል።

ባለቤቴን ያለዘባት የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ነው። የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው በ1992 ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑ እኔ ከአገር ወጥቼ ነበር፤ ስለዚህ ያየሁት እኔም እንደ እንግዳ ነው። ከደቡብ ምዕራቡ ሁሉ ታማሚ የሚላክበት ስለሆነ ወረፋው ያስፈራል። ባለቤቴ ግን ነርስ ናት፤ ወረፋውን ትታ የነርሶቹን እጅ ስታይ ቆየች፤ ስንወጣም በጎ ፈቃደኛ ይቀበሉ እንደሆነ ጠየቀች።

አሁንም ሙሉ በሙሉ እሺ አላለችም። ስምምነታችን ውሉ የሚያስረንን ሁለት ዓመት ጅማ እንድንኖር፣ ከዚያ እሷ እንድትፈርድ ነው። ውክልናውን ፍራንክፈርት ካለው ቆንስላ አውጥተን እንልካለን፤ ከመስቀል በኋላ አክስቴ ትፈርማለች። ሦስቱ ደላሎች ሰምተው ድርሻ ሊጠይቁ መምጣታቸው አይቀርም፤ እሷም እየጠበቀቻቸው እንደሆነ በስልክ ነግራኛለች።