ከ14 ወር በኋላ፦ 8×42 ባይኖኩላር በአርሲና በባሌ ደጋ

ይህን ባይኖኩላር ከያዝኩ 14 ወር ሆነኝ። አንድ ሙሉ ክረምትና ሁለት የአደን ወቅት አብሮኝ አሳልፏል። ሥራዬ መንገድ መምራትና ዱካ መከተል ነው፤ በበጋ በአርሲና በባሌ ደጋ በፈቃድ ወደሚታደንባቸው ቦታዎች ከአዳኞች ጋር እወጣለሁ፣ በሌላው ጊዜ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ዲንሾ ላይ ጎብኚ ይዤ ወደ ጋይሳይ ሜዳና ወደ ሳነቴ አምባ እሄዳለሁ። መነጽሩ ቤት የዋለባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። ከአሜሪካ ያመጣልኝ የአጎቴ ልጅ ነው፤ ገንዘቡን ግን የከፈልኩት እኔው ነኝ፣ የሁለት ወር ገቢዬን ወስዷል። ስለዚህ እንደ ገዢ ነው የምመዝነው።

ክብደቱ 700 ግራም ገደማ ነው፣ ውሃ አያስገባም፣ ውስጡ ጭጋግ እንዳይዝ ናይትሮጅን ተሞልቷል፣ በዋጋ ከመካከለኛዎቹ ይመደባል። በዚህ ልክ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ብዙ ስለሆኑ የምናገረው ለአብዛኞቹ ይሆናል።

ከዚህ በፊት የነበረኝ ኪስ የሚገባ 10×25 ነበር። እኔም እንደ ብዙዎቹ ባልደረቦቼ መነጽር ባየሁ ቁጥር የምጠይቀው ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ቁጥር ይህንኑ ይናገራል፤ ሁለተኛው የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስታካፍሉት ወደ ዓይናችሁ የሚደርሰው የብርሃን ውፍረት ይወጣል። የትንሹ 2.5 ሚሊ ሜትር ነበር፣ የአሁኑ 5.25 ነው። ቀትር ላይ የዓይን ብሌን በፀሐይ ስለሚጠብ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም። ሲነጋና ሲመሽ ብሌን ይሰፋል፣ ያኔ ቀጭኑ ብርሃን አይበቃውም። የደጋ አጋዘን ደግሞ ከሰው በሚሸሽበት አገር ቀኑን አስታ በሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ ውሎ የሚወጣው በዚያው ሰዓት ነው። ለዓመታት ብዙም በማያስፈልገኝ ሰዓት ብቻ በደንብ የሚያሳይ መነጽር ተሸክሜ ኖሬአለሁ ማለት ነው።

ልዩነቱ የገባኝ ባለፈው ታኅሣሥ፣ አርሲ ላይ ነው። ፀሐይ ከገባች ጥቂት ደቂቃ ሆኗታል፤ ከአስታው ጠርዝ 250 ሜትር በሚሆን ርቀት አንድ ወንድ አጋዘን ወጣ። በባዶ ዓይን ጥቁርና ግዙፍ ነበር። እንግዳው ከቀናት ድካም በኋላ ያየው የመጀመሪያው ወንድ ስለነበር መሣሪያውን አመቻችቶ የእኔን ቃል ይጠብቃል። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ አለ፣ ሁላችንም ኦቦ ብለን የምናከብረው። ሁልጊዜ «ቀንዱን ቶሎ አትይ፣ መጀመሪያ አንገቱን እይ» ይለኛል። ወንዱ ሲጎለምስ ጠጉሩ ይጠቁራል፣ አንገቱ ይደነድናል፤ ቀንዱ አንድ ዙር ተኩል አልፎ ወደ ሁለት ይጠጋል፣ ጫፉም ይነጣል። ባይኖኩላሩን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ አየሁ። አንገቱ ገና ቀጭን ነው። ቀንዱ ወደ ውጭ ተከፍቶ ዙሩን አልጨረሰም። የጠቆረው በጠጉሩ ሳይሆን በጥላው ነበር። «ይህ አይተኮስም፣ ልጅ ነው» አልኩ። በድሮው መነጽር ቢሆን የማየው ጥቁር ቅርጽ ብቻ ነበር፣ ምን እንደምል አላውቅም።

ይህ እንስሳ በዓለም ላይ ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ካለው ደጋችን ውጭ የትም የለም። ሳይንሳዊ ስም የወጣለት እንኳ በ1910 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። አስታው እየተመነጠረና እየተቃጠለ መሸሸጊያው ሲጠብ፣ ገና ያልወለደ ወጣት ወንድ በስህተት መጣል የአንድ ቀን ጉዳይ አይደለም። ሕጋዊ አደን እንዲቀጥል የምንፈልግ ሰዎች መለየት የማንችለውን እንስሳ መተው ግዴታችን ነው፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

10 እጥፍስ አይሻልም ወይ ለሚሉኝ፦ ሳነቴ ላይ ሞክሩት። ከባሕር ወለል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ቦታ አቀበት ወጥታችሁ፣ ልባችሁ እየመታ፣ ነፋሱ ከጎን እየገፋችሁ 10 እጥፍ የሚያቀርብ ነገር በእጅ ስትይዙ የምታዩት የሚንቀጠቀጥ ነገር ነው። በ8 እጥፍ ቀይ ቀበሮ የፍልፈል ጉድጓድ ላይ አድብታ ስትጠብቅ እስክትዘል ድረስ ሳላቋርጥ አያታለሁ። የሚታየው ሜዳም ይሰፋል፤ ከ10 እጥፉ ይልቅ የሚንቀሳቀስ እንስሳ ቶሎ ይገኛል። ጎብኚዎቼም አሁን «ትንሽ እንጠጋ» ብለው አያስጨንቁኝም፣ ቀበሮዋም ሥራዋን ትሠራለች።

ከሩቅ ማየት ሌላም ጥቅም አለው፤ ነፋስ ለመጠበቅ ጊዜ ይሰጣል። ተራራ ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት አካባቢ ቀዝቃዛው አየር ወደ ታች ይወርዳል፤ ስለዚህ ከእንስሳው በታች ያለ ሰው ሽታው አይደርስበትም። ፀሐይ ገደሉን ስታሞቅ፣ ብዙ ጊዜ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ አየሩ ተገልብጦ ሽቅብ ይወጣል። ያን ጊዜ ከታች የሚመጣ ሰው ራሱን አስታወቀ ማለት ነው። ድሮ ምን እንዳየሁ ለማረጋገጥ ስጠጋ ነፋሱ ይገለበጥብኝ ነበር። አሁን ከሩቅ ተቀምጬ አይቼ፣ ነፋሱ እስኪረጋ ጠብቄ፣ በላይ ልዙር ወይስ ልተወው የሚለውን እወስናለሁ።

ጉድለቶቹን ልናገር። በአምስተኛው ወር የቀኝ ዓይን መደገፊያ ጎማ ላላ፤ ወደ ላይ ሳወጣው አይቆምም። ሻጩን በአጎቴ ልጅ በኩል ጠየቅሁ፤ ዕቃው ከአገር ስለወጣ ዋስትናው አይሠራም ተባልኩ። በጣም ተናድጃለሁ፣ ወረቀቱ ላይ እንደዚያ የሚል አልነበረምና። ቀጭን የጎማ ቀለበት አድርጌበት እስካሁን ይዟል። ውጭ አገር የምታስገዙ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የሁለቱን ዓይን ልዩነት የምናስተካክልበት ቀለበት መቆለፊያ የለውም። ከኮቴ ጋር እየታሸ ይዞርና ምስሉ ይደበዝዛል፣ እኔም ዓይኔ የታመመ ይመስለኝ ነበር። ትክክለኛውን ቦታ በእህቴ ኩቴክስ ምልክት አደረግሁበት፤ አሁን በጨረፍታ አይቼ እመልሰዋለሁ። ውርጭ ባለበት ሌሊት ማግሥት ምስሉን የሚያጠራው ማዞሪያ ይከብዳል፣ ጓንት ካላወለቅሁ አይዞርም። ሰማይ ነጭ ሲሆን ደግሞ ቀንዱ ዙሪያ ቀጭን ሐምራዊ መስመር ይታያል፤ ለዕድሜ መለየት ግን አያስቸግርም።

ውስጡ ጭጋግ ይዞ አያውቅም፤ ሐምሌ ሙሉ በዝናብ ውስጥ ነበር። ውጪው ግን ከጋቢ ሥር ሞቆ ድንገት ብርድ ላይ ሲወጣ፣ ወይም ትንፋሽ ሲነካው ይሸፈናል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከልብስ ውጭ ይንጠልጠል፣ ስታዩ ትንፋሻችሁን ወደ ጎን አድርጉ። መስታወቱን በነጠላ ጫፍ አትጥረጉ። የደጋው አቧራ ደቃቅ አሸዋ አለበት፣ ይጭረዋል። እኔ መጀመሪያ በለስላሳ ብሩሽ አራግፌ ነው የምጠርገው።

አብሮት የመጣው ማንገቻ አንገት ይቆርጣል፣ ፈረስ ላይ ደግሞ ኮርቻውን እየመታ ይዘላል። ሮቤ ላይ አንድ ጫማ ሰፊ በሁለት ትከሻ የሚታሰርና ደረት ላይ የሚቆም ማሰሪያ ከቀበቶ ቆዳ ሰፋልኝ። ከመነጽሩ ቀጥሎ ያወጣሁት ምርጥ ገንዘብ እሱ ነው።

ሱቅ ገብታችሁ የምትመርጡ ከሆነ ቀን ላይ አትሞክሩት። ሲመሽ ሂዱና ባለሱቁን ደጅ እንድትወጡ አስፈቅዱት፤ በረንዳ ሥር ወይም ዛፍ ውስጥ ጥላ የበዛበትን ቦታ እዩ። በባዶ ዓይን የማታነቡትን ጽሑፍ ጥላው ውስጥ ካነበባችሁበት፣ እጃችሁም ካልተንቀጠቀጠ፣ እሱን ውሰዱ።