ባምሴን ሥራ ላስያዙልን እናት ምስጋና

ይህን የምጽፈው ኦስሎና አካባቢዋ ላላችሁ ሐበሾች ነው። ቤታችሁ ውሻ ካለ፣ በተለይ ግራጫው የኖርዌይ ኤልግሁንድ ከሆነ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ባምሴ እኛ ቤት የገባው አምና ጥቅምት ላይ ነው። ከላያችን የሚኖሩት አዛውንት ጎረቤታችን ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሲገቡ ውሻቸውን የሚረከብ ሰው ጠፋ። ልጄ አለቀሰች። እኛም እሺ አልን። አራት ዓመቱ ነው። ጆሮው ቀጥ ያለ፣ ፊቱ ጠቆር ያለ፣ ጅራቱ ጀርባው ላይ የተጠቀለለ፣ ሲያዩት የሚያምር ውሻ። እኔ ያደግኩት ኮልፌ ነው። የማውቀው ውሻ በር ላይ ታስሮ ግቢ የሚጠብቀውን ነው። ውሻ ሳሎን ውስጥ አኑሬ አላውቅም።

የመጀመሪያው ሳምንት ደህና ነበር። ከዚያ መጮህ ጀመረ። አንድ ዓይነት ድምፅ፣ ሳያቋርጥ፣ ሰዓት ሙሉ። ሰው ደረጃ ሲወጣ ይጮሃል። ወፍ መስኮት ላይ ስታርፍ ይጮሃል። በሁለት ወር ውስጥ ከሕንፃው አስተዳደር ሁለት ደብዳቤ ደረሰን። አንድ አሠልጣኝ ጠራን፤ ግማሽ ሰዓት አየውና «ይሄ የተበላሸ ውሻ ነው፣ ለሌላ ስጡት» ብሎ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ባለቤቴ የዚያን ቀን እራት አልበላችም።

እኚህን ሴት የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ይጠጋል። ኤልግሁንድ ሲያረቡና ይዘው ሲያድኑ የኖሩ ናቸው። (እዚህ አገር አንቱታ ከቀረ ቆይቷል፤ በአማርኛ ስጽፍ ግን እሳቸውን አንቺ ማለት አይሆንልኝም።)

ሲገቡ ባምሴን አልጠሩትም፣ አላዩትምም። ጃኬታቸውን ሳያወልቁ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ራሱ መጥቶ አሸተታቸው። ከዚያ መዳፋቸውን ጎኑ ላይ አሳርፈው በጣታቸው የጎድን አጥንቱን ፈለጉ። አላገኙትም። «ምን ትሰጡታላችሁ?» አሉ። ልጄ በኩራት «ዶሮ ወጥ!» አለች።

ሴትዮዋ አልተቆጡም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ መሆኑን ግን ረጋ ብለው ነገሩን። የኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት የለም። የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ ስንጥር ስለሚሆን አንጀት ይወጋል። እኔና ባለቤቴ ተያየን። ስንወደው ስንጎዳው ከርመናል። ያኔ ሲመዘን 29 ኪሎ ነበር፤ የወንድ ኤልግሁንድ ክብደት 23 ኪሎ ገደማ ነው። ዘሩ ሆዳም ነው፣ በቀላሉ ይወፍራል።

ከዚያ ስለ ጩኸቱ ጠየቅናቸው። «ድሮ ምን ይሠራ ነበር?» ብለው እኛኑ መልሰው ጠየቁን። ጎረቤታችን አዳኝ እንደነበሩ ስነግራቸው ሳቁ። «ታዲያ አልተበላሸም። ሥራ ፈቶ ነው» አሉ።

ኤልግ ማለት አጋዘን መሳይ ግዙፍ የጫካ እንስሳ ነው። ወንዱ ከ400 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ሁንድ ማለት ውሻ ነው። ይህ ውሻ ሲለቀቅ ኤልጉን በጠረኑ ተከታትሎ ያገኘዋል፤ ግን አይነክሰውም። ፊቱ ቆሞ ይጮሃል፣ ሲመጣበት ወደ ኋላ ይዘላል፣ ተመልሶ ይጮሃል። ኤልጉም ይህን ትንሽ ነገር ንቆ ባለበት ይቆማል። አዳኙ ምናልባት በጣም ሩቅ ነው፤ የሚመጣው ድምፁን ተከትሎ ነው። ውሻው ዝም ካለ አደኑ አበቃ። ስለዚህ አዳኞች ሳይታክት የሚጮኸውን እየመረጡ በትውልድ አረቡት። በ1877 ኦስሎ፣ ያኔ ክርስቲያኒያ፣ በተካሄደ የውሻ ትርኢት ላይ ከመቅረቡ በፊት የገበሬና የአዳኝ ውሻ ነበር። ዛሬ የኖርዌይ ብሔራዊ ውሻ ነው። እኛ ደግሞ አፓርታማ ውስጥ ዘግተንበት «ለምን ይጮሃል» እንላለን።

እሳቸው ለአዛውንቱ ካልደወልኩ አሉ። ደወልን። ባምሴ ግን ተለቆ ሳይሆን በገመድ ተይዞ የሚያድን ነበር። በገመድ ሲሄድ ትንፍሽ አይልም፤ ጌታውን በዝምታ እስከ ኤልጉ ይመራዋል። ሴትዮዋ ስልኩን ሲዘጉ ፊታቸው በርቶ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የኤልግ ሰኮና በላስቲክ ይዘው መጡ። ኦስትማርካ ጫካ ገብተው ሰኮናውን መሬት ለመሬት እየጎተቱ ዞሩና ደበቁት። አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ለባምሴ ደረቱ ላይ ማሰሪያ አደረጉለት፣ አሥር ሜትር ገመድ አሰሩና ጫፉን ለልጄ ሰጧት። አፍንጫውን መሬት ላይ ተከለ። ግራ ቀኝ ሳይል፣ አንድም ድምፅ ሳያሰማ፣ ዛፉን ሁሉ አልፎ ሰኮናው ላይ ቆመ። ዞሮ ልጄን አያት። እንደዚያ ቀን ተደስቶ አይቼው አላውቅም። ማታ እንደ ድንጋይ ተኛ።

አሁን በሳምንት ሦስት ጊዜ እንዲህ እናሠራዋለን። ደወል ሲደወል ሁለት ሦስቴ ይጮህና ይተዋል። ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። ክብደቱ 24 ገብቷል።

ያስተማሩን ብዙ ነው። ጠጉሩ ድርብ ነው፤ በሚረግፍበት ወቅት በየቀኑ ማበጠር ያስፈልጋል። በበጋ ሙቀት ልላጨው ነበር፤ «እንዳትነካው፣ ከፀሐይም የሚከላከለው እሱ ነው» አሉኝ። ዘሩ ጫካ ውስጥ ብቻውን እየወሰነ የኖረ ስለሆነ ግትር ነው። ከጮኽክበት ጀርባውን ይሰጥሃል፤ በትዕግሥት ከነገርከው ግን ይሰማል። ከኤፕሪል 1 እስከ ኦገስት 20 ውሻ መልቀቅ በሕግ ክልክል መሆኑንም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

ዋጋቸው ከመጀመሪያው አሠልጣኝ ያነሰ ነው። በአራተኛው ቀን ደግሞ ገንዘብ አልቀበልም ብለው እስከ በረካ ድረስ ቡና ጠጥተው ሄዱ። እናታችን፣ ከልብ እናመሰግናለን። ልጄ ውሻዋን ያላጣችው በእርስዎ ነው።

ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ጠይቀውኛል። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ውሻችሁ ከእናንተ በፊት ምን ሲሠራ እንደነበር አጣርታችሁ ደውሉ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። ደግሞ አትዘግዩ። ሴፕቴምበር 25 የኤልግ አደን ሲከፈት ጫካ ይገባሉ፣ ስልክ አያነሱም።