ሽሮ ሜዳ፦ ጨርቁ የሚያኮራ፣ መረጃው የጎደለ ገበያ

ከእንጦጦ ግርጌ የሚገኘው ሽሮ ሜዳ፣ የሀገር ልብስ መግዛት የፈለገ የአዲስ አበባ ነዋሪ በመጀመሪያ የሚያስበው ገበያ ነው። ስለ ጥልፉ ውበትና ስለ ዲዛይኖቹ ብዙ ስለሚባል፣ እኔ በዚህ ግምገማ የምመለከተው ሌላውን ወገን ነው፤ በዚያ የሚሸጠው ልብስ ከምን እንደተሠራ፣ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል፣ የሠራው ሰውም ተገቢ ክፍያ ማግኘቱን ገዢው ማወቅ ይችል እንደሆነ።

እነዚህ ጥያቄዎች ከሥራዬ የመነጩ ናቸው። ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች የንግድ ልማት ድጋፍ የምሰጥ ባለሙያ ስሆን፣ ሒሳብ እንዲይዙ፣ የምርታቸውን ወጪ አስልተው ዋጋ እንዲተምኑና የብድር ማመልከቻ እንዲያዘጋጁ ከማግዛቸው ሰዎች መካከል ሸማኔዎችና ልብስ ሰፊዎች ይገኛሉ። ለልብስ ያለኝ ፍቅር ከዚህ ሥራ የቀደመ ነው። ይሁን እንጂ የአንድ ኩታ ወጪ ከክሩ እስከ ጥለቱ ተዘርዝሮ ሲሰላ፣ ሸማኔው የገዛ ጉልበቱን ከወጪ እንደማይቆጥር ደጋግሜ ካየሁ በኋላ፣ ልብስ ስገዛ ከዋጋው በስተጀርባ ያለውን ሳልጠይቅ ማለፍ አልቻልኩም።

በጨርቁ ልጀምር፤ ሽሮ ሜዳ ከማንኛውም የከተማችን የልብስ ገበያ የሚበልጠው በዚህ ነውና። ጥሩ ጋቢ ድሩ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ ግን በእንዝርት የተፈተለ ጥጥ ነው። የእጅ ፈትል ውፍረቱ እኩል ስላልሆነ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል፤ በታጠበ ቁጥርም እየለሰለሰ ይሄዳል። ሽመናው የሚከናወነው ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ በሚረግጠው መሣሪያ በመሆኑ መብራት አይፈልግም። አራት ንብርብር የሆነው ጋቢ በአግባቡ ከተያዘ ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ሲያረጅም ሕፃን ይታቀፍበታል እንጂ አይጣልም። ዛሬ በውጭው ዓለም ዘላቂ ፋሽን እየተባለ በከፍተኛ ዋጋ የሚሸጠው አብዛኛው ነገር በዚህ ጨርቅ ውስጥ አስቀድሞ አለ ብዬ አምናለሁ።

ጥገናውም ምስጋና ይገባዋል። መደቡ ያለቀ ቀሚስ ጥለቱ ደህና ከሆነ፣ ልብስ ሰፊዎች ጥለቱን ፈትተው በአዲስ ጨርቅ ላይ ይሰፉታል። ይህ አገልግሎት ከአዲስ ቀሚስ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ተመጣጣኝ ነው፤ ሆኖም ሻጮች ራሳቸው ስለማያነሱት ገዢው ካልጠየቀ አይነገረውም። ከምክር ሥራዬ አንጻር፣ ጥገናን በግልጽ የሚያስተዋውቅ ሱቅ ከበዓል ውጭ ገበያ በሚቀዘቅዝባቸው ወራት ገቢ የሚያገኝበት በቂ ዕድል እንዳለው አያጠራጥርም።

ችግሩ የሚጀምረው ከመረጃው ነው። ከእጅ ሽመናው ጎን ለጎን፣ የጥለት ምስል የታተመበት የፋብሪካ ፖሊስተር «የሀበሻ ቀሚስ» ተብሎ ይሰቀላል። ፖሊስተር መሸጡ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ አቅሙ ያልፈቀደለት ሰውም በበዓል መልበስ አለበት። ነገር ግን የሁለቱ ልዩነት የሚጻፍበት ምንም ምልክት ስለሌለ፣ በታጠበ ቁጥር ጥቃቅን የፕላስቲክ ብናኝ የሚለቀው ጨርቅና የጥጡ ሽመና በአንድ ስም ይሸጣሉ። በዚህ የሚጎዳው በዋነኛነት ሸማኔው ነው፤ ቀናት የፈጀበት ሥራ ዋጋ በሰዓታት ከታተመ ጨርቅ ዋጋ ጋር እየተነጻጸረ ይወርድበታልና። ጥርጣሬ ያለው ገዢ ከጠርዙ የተመዘዘች አንዲት ክር ቢያቃጥል፣ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሹ ግን ቀልጦ ጠጣር እንክብል ይፈጥራል።

ከዚህ ሁሉ የከበደው የሠራተኛው ጉዳይ ነው። የገበያው ሽመና በአብዛኛው የጋሞ ደጋ ተወላጆች፣ በተለይም የዶርዜ ሸማኔዎች ሙያ ነው። ከዚያው አካባቢ ሕፃናት በትምህርትና በተሻለ ኑሮ ተስፋ ወደ አዲስ አበባ እየመጡ በሽመና ጉልበታቸው ሲበዘበዝ መቆየቱም የታወቀ ሐቅ ነው። ነጋዴው ክር አቅርቦ ለሸማኔው በቁራጭ ሲከፍል፣ ጨርቁን ማን እንደሸመነው ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ላያውቅ ይችላል። እኔ ስጠይቅ ያገኘኋቸው መልሶች ከሱቅ ሱቅ ይለያያሉ፦ አንዳንዶቹ የሸማኔውን ስም፣ ሰፈሩንና የሚከፍሉትን ሳይቀር በደስታ ይናገራሉ፤ ሌሎች ግን ጥያቄው ራሱ እንግዳ ይሆንባቸዋል። የመጀመሪያዎቹን በመምረጥ እገዛለሁ።

ማሳወቅ እንደሚቻል ማሳያ አለን። እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ ውስጥ የተመሠረተው ሳባሃር የተባለ የሽመና ድርጅት፣ ከጥጥ በተጨማሪ የጉሎ ቅጠል ከሚመገብ የሐር ትል የተገኘ ክር በእጅ እያስፈተለና እያሸመነ፣ የፍትሐዊ ንግድ መርሆዎችን ተከትሎ እስከ ውጭ ሀገር ይሸጣል። የሽሮ ሜዳ ትንሽ ሱቅ ያን ያህል አቅም እንዲኖረው አልጠብቅም። የክሩን ዓይነት፣ የሸማኔውን ስምና የአስተጣጠቡን መመሪያ የያዘች አንዲት ወረቀት በልብሱ ላይ ማንጠልጠል ግን ከአቅሙ በላይ አይሆንም፤ ለምደግፋቸው ነጋዴዎችም የምመክረው ይህንኑ ነው።

ለገዢዎችም የማነሳው አንድ ነገር አለ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው አባባል አንድ ጥሩ ቀሚስ ለትልቅ ቀን ማቆየትን ያስታውሰኝ ነበር። አሁን ግን ለእያንዳንዱ ሠርግ በአንድ ዓይነት ጥለት አዲስ ልብስ ማሰፋት እየተለመደ፣ አንድ ቀን የተለበሰ ቀሚስ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀራል። እንዲህ የሚገዛን ልብስ የጥጥ መሆኑ ብቻ ዘላቂ አያደርገውም።

በአጠቃላይ ለጨርቁና ለጥገናው ከፍተኛ ነጥብ፣ ለመረጃው ዝቅተኛ ነጥብ እሰጣለሁ። በቅድሚያ የምመክረው ጋቢና ጥለቱ የጥጥ የሆነ ኩታ ነው፤ ደማቅ ቀለም ያለው ጥለት ከፈለጋችሁ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሽታችሁ ቀለሙ አለመልቀቁን አረጋግጡ። ከእንቁጣጣሽ፣ ከገናና ከጥምቀት በፊት ባሉት ቀናት ግፊያው ለጥያቄ ጊዜ ስለማይሰጥ፣ በአዘቦት ቀን ጠዋት መሄድ ይሻላል። ልብሱን በቀዝቃዛ ውኃ በእጅ እጠቡት፤ በረኪና አታስነኩት።