ክፍተቱ የሚስተካከል የእሳት መሞከሪያ፦ በደሴና ኮምቦልቻ መንገድ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ይህ መሞከሪያ የመኪና ማቀጣጠያ እሳት ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ የሚያሳይ ቀላል ዕቃ ነው። በአንድ በኩል የካንዴላ (ሲሊንደር ውስጥ እሳት እየሰጠ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው) ገመድ የሚሰካበት ጫፍ፣ በሌላው በኩል የሞተር ብረት ላይ የሚነክስ መቆንጠጫ አለው። መሃሉ ላይ ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት ሹል ብረቶች ሲኖሩ አንደኛው በብሎን እየተዞረ ይርቃል፣ ይቀርባል። ባትሪም ስክሪንም የለውም፤ ዋጋው ከአንድ ቦቢና (የባትሪውን ቮልቴጅ ለእሳቱ ከፍ የሚያደርገው ጥቅል) በታች ነው። ካርቡራቶርና ፑንቲና (ወደ ቦቢናው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ እየከፈተና እየዘጋ እሳቱን የሚያስነሳው መገናኛ) ያለው አሮጌ መኪና፣ ለምሳሌ ላዳ ወይም ባለ 4ኬ ሞተር ኮሮላ ዲኤክስ ለሚይዝ ሰው፣ ከመልቲሜትር ቀጥሎ መገዛት ያለበት ይህ ይመስለኛል።

ካንዴላውን ፈትቶ፣ ገመዱ ላይ እንደተሰካ ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክቶ እሳት ማየት በየጋራዡ የተለመደ ነው። ችግሩ የካንዴላው ክፍተት 0.8 ሚሊ ሜትር፣ ላዳ ላይ ደግሞ ከ0.5 እስከ 0.6 ብቻ መሆኑ ነው። ሊሞት የደረሰ ቦቢና እንኳ በነፃ አየር ይህን ይዘላል። ሲሊንደር ውስጥ ግን አየሩ ታምቋል፤ ያንኑ ክፍተት ለመዝለል የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ብዙ እጥፍ ነው። ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ሲሊንደሩ ይበልጥ ስለሚሞላ ፍላጎቱ እንደገና ያድጋል። ሚኒሞ ላይ ደህና የሚመስል መኪና በደሴና ኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ሲይዝ የሚንተፋተፈው ለዚህ ነው። መሞከሪያው ክፍተቱን በማስፋት ያንን ሸክም በቆመ መኪና ላይ ይፈጥራል።

እዚህ ላይ ከዕቃው ጋር የሚመጣው ወረቀት የማይነግራችሁ ነገር አለ። ለፑንቲና ሞተር የተለመደው መመዘኛ እሳቱ 6 ሚሊ ሜትር ያህል መዝለሉ ነው፤ ልኩ ግን ለዝቅተኛ ቦታ የወጣ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ናቸው። አየር በሳሳ ቁጥር እሳት በቀላሉ ስለሚዘል፣ ደሴ ላይ 6 ሚሊ ሜትር የዘለለ ቦቢና ፈተናውን አላለፈም። ደሴ ላይ ወደ 8፣ ኮምቦልቻ ላይ ወደ 7 ሚሊ ሜትር አስፍቶ መሞከር ያስፈልጋል። ይህን ሳያውቁ በወረቀቱ ልክ የሚሞክሩ ሰዎች የደከመውን ቦቢና «ደህና ነው» ብለው ካርቡራቶር መፍታት ይጀምራሉ። ጠዋት ከደሴ ሲወርድ ምንም ያልነበረው መኪና ወደ ባቲ ወርዶ፣ አየሩ ጠንከር ቦቢናውም ጋል ሲል መቆራረጥ የሚጀምረውም ከዚሁ የተነሳ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከአንዱ ካንዴላ ገመዱን ንቀሉና መሞከሪያው ላይ ሰኩ። መቆንጠጫውን ቀለም ወይም ዘይት በሌለበት ንጹህ የሞተር ብረት ላይ አስነክሱ፤ ከካርቡራቶሩና ከነዳጅ ቱቦ ይራቅ። ክፍተቱን ከ4 ሚሊ ሜትር ጀምሩ፤ ሌላ ሰው ሞተሪኖውን ለጥቂት ሰከንድ ያዙር፤ ከዚያ በግማሽ ሚሊ ሜትር እያሰፋችሁ ድገሙ። ገመዱን በአየር ላይ አንጠልጥላችሁ ፈጽሞ አታስነሱ። መውጫ ያጣ ከፍተኛ ቮልቴጅ የቦቢናውን የውስጥ ሽፋን ይበሳል፤ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ባለው መኪና ላይ ደግሞ ሞጁሉን ያቃጥላል። የጋቢ ወይም የሻርፕ ጫፍም ከቬንትሌተሩ ይራቅ።

ንባቡን ትርጉም የሚሰጠው ማነጻጸር ነው። መጀመሪያ ከቦቢናው በቀጥታ የሚወጣውን መሃለኛ ገመድ፣ ከዚያ አራቱን የካንዴላ ገመዶች በተራ ሞክሩ። መሃለኛው ጠንካራ ሆኖ አራቱም ከደከሙ ጥፋቱ ከቦቢናው የመጣውን እሳት ለአራቱ ገመዶች በተራ የሚያከፋፍለው የዲስትሪቢውተሩ ክዳን ወይም ውስጡ የሚዞረው ሮቶር ነው። አንዱ ብቻ ከደከመ ያ ገመድ ወይም ክዳኑ ላይ ያለ የራሱ እግር ነው፤ ገመዱን በመልቲሜትር ለኩት፣ የካርበን ገመድ ከ25 ሺህ ኦም ካለፈ ይቀየር። መሃለኛውም ደካማ ከሆነ ቦቢናውን ከመግዛት በፊት ፑንቲናውን ክፈቱ። ክፍተቱ 4ኬ ላይ 0.45፣ ላዳ ላይ 0.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ መሆን አለበት። ፊቱ ከተቃጠለና ሲሠራ ቢጫ እሳት ከተፋ ፑንቲናው ሲከፈት እሳት እንዳይተፋ የሚያደርገውን ኮንደንሰር ጠርጥሩ፤ ከቦቢና በጣም ይረክሳል። ሞተሪኖው ሲዞር ቦቢናው ጋ የሚደርሰው ቮልቴጅ ከ9.5 በታች ከወረደም ወደ ባትሪው፣ ወደ ቁልፉና ወደ ሽቦው መገናኛዎች ተመለሱ። የቦቢናው የመጀመሪያ ጥቅል ያለ ተጨማሪ ሬዚስተር የሚሠራ ከሆነ 3 ኦም፣ ከሬዚስተር ጋር ከሆነ 1.5 ኦም ገደማ ያነባል።

ኦሙ ልክ ሆኖ የሚያታልል ቦቢና ግን አለ። ሲበርድ ይሠራል፣ ሲግል የውስጥ ሽፋኑ ይላላል። ስለዚህ መኪናው ዳገቱን እንደወጣ፣ ሞተሩ ሳይበርድ፣ ሁለተኛ መሞከር ግዴታ ነው። ጠዋት 8 ሚሊ ሜትር የዘለለው ሲግል 5 ላይ ከቆመ ፍርዱ አልቋል። መሞከሪያው ዋጋውን የሚያወጣው ከምንም በላይ በዚህ ፈተና ነው። የደሴ ጭጋግ ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ እርጥበት ክዳኑ ውስጥ ይገባና በቀጭን ስንጥቅ እሳቱ ያመልጣል። ክዳኑን በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ በብርሃን ፊት አዙሩት፤ የእርሳስ መስመር የመሰለ ጥቁር ጭረት ከታየ መጥረግ አያድነውም፣ ይቀየር።

ዕቃው የማያየውም ብዙ ነው። ትልቁ የማቀጣጠያ ሰዓቱ፣ ማለትም እሳቱ የሚመጣበት ቅጽበት ነው፤ እሳቱ ጠንካራ ሆኖ ዘግይቶ ቢመጣ ምንም አይነግራችሁም። ፑንቲናው ላይ ያለው የሚታሸው እግር በተበላ ቁጥር ክፍተቱ ይጠባል፣ እሳቱም ይዘገያል፤ መኪናው ሳይንተፋተፍ ጉልበቱ ብቻ ቀስ በቀስ ይሸሻል። ይህን ሰዓት የሚያስተካክሉት ክፍሎች ጥፋት፣ የተቀደደ የቫክዩም ዲያፍራምና የተጣበቁ የዲስትሪቢውተር ክብደቶችም፣ እንደዚሁ ይሰወራሉ፤ ለእነዚህ የታይሚንግ መብራት ያስፈልጋል። ካንዴላውንም አይመረምርም። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራቶር ደሴ ላይ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው በደረቅ ጥላሸት ይለብስና ኤሌክትሪኩ ሳይዘል በጥላሸቱ በኩል ይፈስሳል። መሞከሪያው ላይ የሚያምር ሰማያዊ እሳት እያያችሁ ሞተሩ በሦስት ሲሊንደር ከዞረ ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ እዩ።

ሁሉም ደህና ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከፍታው ራሱ ሊሆን ይችላል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ ደሴ ላይ ሩቡ ገደማ የለም። ይህን ቦቢና በመቀየር ማንም አይመልሰውም።

ስለ ጥንካሬው፦ ሹል ጫፎቹ ከወራት በኋላም ደህና ናቸው፤ በየጊዜው በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት መጠረግ ብቻ ይፈልጋሉ። የመቆንጠጫው ስፕሪንግ ግን ይላላል፣ የታተመው የሚሊ ሜትር ምልክትም በቤንዚን ይለቃል። ምልክቱን አለማመንና ክፍተቱን ሁልጊዜ በካሊፐር መለካት ይሻላል። ፕላስቲኩ የጭስ መውጫው ብረት ላይ ካረፈ ይቀልጣል። ስትገዙ ምልክቱ የተቀረጸበትን ምረጡ፤ ብሎኑን እስከ 15 ሚሊ ሜትር ድረስ ከፍታችሁም እዩት፣ ለኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ያ ስፋት ያስፈልጋል። ገመድ መሃል ገብቶ የሚበራው ባለ አምፖሉ ዓይነት እሳት መኖሩን እንጂ ጥንካሬውን አያሳይም፤ የደሴን ዳገት ለሚወጣ መኪና አይበቃም።