የመናፍስቱ ቤት ሰሌዳ፦ ሌክሳይድ፣ 1975

ስፈልገው ከርሜ በመጨረሻ ከአንድ የኦንላይን ሻጭ ገዛሁት። የጨዋታ አምራቹ ሌክሳይድ በ1975 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ሆንትድ ማንሽን» የተባለ የሰሌዳ ጨዋታ ነው፤ ካሊፎርኒያ ባለው የዲዝኒላንድ መዝናኛ ፓርክ ውስጥ በ1969 የተከፈተውን የመናፍስት ቤት መነሻ አድርጎ የተሠራ ጨዋታ።

ውበቱ ያለው ሰሌዳው ላይ ነው። ጥርስ ያላቸው ክብ ሳህኖች ተገጥመውለታል፤ አንዱን ስታዞሩት ጎረቤቱም አብሮ ይዞራል፣ እና «አለፍኩ» ብላችሁ የተደሰታችሁበት መንገድ ዓይናችሁ እያየ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። ልጆቼ እዚህ ጋ ሲደርሱ ይጮኻሉ። እኔም እጮኻለሁ!

ሌላው የጨዋታ አምራች ፓርከር ብራዘርስ በ1956 ያወጣቸው፣ በዲዝኒላንድ ክፍሎች ስም የተሰየሙት የአድቬንቸርላንድና የፍሮንቲየርላንድ ጨዋታዎችም አሉኝ። ሥዕላቸው ልብ ይሰርቃል፣ ጨዋታው ግን ቶሎ ይሰለቻል።

ያናደደኝ ሻጩ ነው። «ሙሉ ነው» ብሎኝ ሣጥኑን ስከፍት አንድ መጫወቻ የለም፣ የክዳኑም ማዕዘን ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል፤ ፕላስተሩን ላንሳ ስል ደግሞ ቀለሙ አብሮ ተላጠ። እባካችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ሳህኖቹ ሲዞሩ የሚያሳይ ቪዲዮ ጠይቁ። ፕላስተሩንም አትንኩት።