ሌቮታይሮክሲን፦ ለታይሮይድ የሚወሰደው ኪኒን እንዴት ነው?

ስለዚህ መድኃኒት ሰው ሲያወራ ሁለት ዓይነት ነገር ነው የምሰማው። አንዱ «ነፍሴን መለሰልኝ» ይላል። ሌላው «ሁለት ሳምንት ወሰድኩት፣ ምንም የለም፣ ተውኩት» ይላል። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነኝ። የሁለተኛዎቹ ብስጭት ግን ይገባኛል፣ ምክንያቱም ይሄ እንደ ራስ ምታት ማስታገሻ ውጠውት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ፋታ የሚያገኙበት ኪኒን አይደለም።

ምን እንደሆነ ባጭሩ ልንገራችሁ። አንገት ላይ ያለችው የታይሮይድ ዕጢ በቂ ሆርሞን ማምረት ሲያቅታት ሰውነት ሥራውን ያቀዘቅዛል። ድካሙ፣ ብርድ አለመቻሉ፣ የሆድ ድርቀቱ፣ የቆዳ መድረቁ፣ ያለ ምክንያት ክብደት መጨመሩ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሌቮታይሮክሲን ዕጢዋ የምታመርተው ቲ4 የሚባለው ሆርሞን ነው፣ ልዩነቱ በፋብሪካ መሠራቱ ብቻ ነው። ሰውነት ቲ3 ወደሚባለው ይበልጥ ኃይለኛ ሆርሞን እየቀየረ ይጠቀምበታል። ስለዚህ «ሆርሞን ነው፣ ተጠንቀቂ» እያሉ ለሚያስፈራሩኝ ሰዎች መልሴ አንድ ነው፦ የምወስደው የጎደለኝን ነው።

ደግሞ ትናንት የመጣ ነገርም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1891 ጆርጅ ሙሬይ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከበግ ታይሮይድ ዕጢ የወጣ ፈሳሽ ለአንዲት ታማሚ በመርፌ መስጠት ጀመረ፤ ሴትዮዋም ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖረች። በ1914 ደግሞ ኤድዋርድ ኬንዳል ታይሮክሲንን ለብቻው ለይቶ አወጣው። ዛሬ በግ አያስፈልገንም፣ ተመስገን።

አሁን ወደ ጣጣው። ይሄ ኪኒን ምግብ አይወድም። በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው የሚወሰደው። ቡናም ያው ነው፣ መጠበቅ አለበት፣ ምክንያቱም መድኃኒቱ ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል። ጠዋት ዓይኗን ሳትገልጥ ቡና ለምታስብ ሴት ይሄ ቀላል ቅጣት አይደለም። ካልሲየም ወይም የአይረን ኪኒን የሚወስድ ሰው ደግሞ በመካከላቸው 4 ሰዓት ያህል ይተው። ጠዋቱ የማይመቸው ማታ ከእራት 3 ሰዓት ቆይቶ መውሰድ ይችላል፣ ግን ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ፣ ከዚያም ሰዓቱን ሳይለዋውጥ። ዋናው ነገር ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ መውሰዱ ነው።

ውጤቱ ለምን ይዘገያል? መድኃኒቱ ደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 7 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ መጠኑ በደም ውስጥ እስኪረጋ ሳምንታት ይወስዳል፣ የምትወስዱት መጠን ልክ መሆኑን የሚያሳየው ቲ ኤስ ኤች የሚባለው የደም ምርመራም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ የሚደገመው ለዚህ ነው። በሁለት ሳምንት ተስፋ የቆረጠ ሰው ገና ፊልሙ ሳይጀመር ከሲኒማ ወጣ ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ፀጉር ሊረግፍ ይችላል፣ አትደንግጡ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

መጠኑ የሚለካው በማይክሮግራም ነው፣ የሚሊግራም አንድ ሺኛ ማለት ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልዩነት እንኳ ይታወቃል። በዕድሜ የገፉና የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከ12.5 ወይም ከ25 ማይክሮግራም የሚጀምሩት በዚህ ምክንያት ነው። ሲበዛ ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ያልባል፤ ለረጅም ጊዜ ሲበዛ ደግሞ የልብ ምት ሊዛባና አጥንት ሊሳሳ ይችላል። ለመክሳት ብለው የሚውጡት ሰዎች አሉ። በጭራሽ! በአሜሪካ የመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ለክብደት መቀነሻ እንዳይውል የሚለው ማስጠንቀቂያ በሳጥን ተከቦ ነው የሚጻፈው።

የእኔ ትልቁ ቅሬታ ከመድኃኒቱ ሳይሆን ከሻጩ ነው። አንድ ፋርማሲ ምንም ሳይነግረኝ የሌላ አምራች ኪኒን ሰጠኝ፣ ቤት ገብቼ ካርቶኑ ሲለይብኝ ነው ያወቅኩት። ማይክሮግራሙ አንድ ቢሆንም ሰውነት የሚቀበለው መጠን ትንሽ ሊለያይ ስለሚችል አምራች ሲቀየር ለሐኪም መንገርና ቲ ኤስ ኤች ማስመርመር ይሻላል። ይህን ለመናገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ሙቀት፣ ብርሃንና እርጥበትም ስለሚያበላሸው መታጠቢያ ቤት ውስጥ አታስቀምጡት።

እርጉዝ የሆነች ሴት ኪኒኑን ማቆም የለባትም፣ እንዲያውም የሚያስፈልጋት መጠን ብዙ ጊዜ ስለሚጨምር ቶሎ ለሐኪሟ ትንገር። ለፀጉርና ለጥፍር ብላችሁ ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን የምትወስዱ ካላችሁ ደግሞ ከደም ምርመራው ቢያንስ 2 ቀን አስቀድማችሁ አቁሙት፣ ውጤቱን ያሳስታል።

ከአምስት አራት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ። አምስተኛውን ያስቀረሁት ቲ ኤስ ኤቻቸው ተስተካክሎም ድካሙ የማይለቃቸው ጥቂት ሰዎች ስላሉ ነው። ከእነሱ ከሆናችሁ መጠኑን በራሳችሁ አትጨምሩ። ለሐኪሙ «ቁጥሩ ጥሩ ነው፣ እኔ ግን ደህና አይደለሁም» በሉት፣ የደም ማነስና የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም እንዲታይላችሁ ጠይቁ።